ስለ ብዛት፣ ስለ መንጋና ስለ አንዲት ተማሪ

ይህን የግድግዳ ጋዜጣ አብዛኛዎቻችን የምናነበው ቆመን ነው፤ ያውም ከምግብ አዳራሽ ስንወጣ፣ ደወል እስኪደወል ድረስ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እየተንጠራራ። ስለዚህ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዞ መቅረብ ድፍረት መሆኑን አላጣነውም። ይሁን እንጂ ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ያጋጠመን አንድ ነገር አለ። ተሸፍኖ ቢቀር ለእኛ ክብር ይበጅ ነበር፤ ቢነገር ግን ነገ ክፍል ለምንገባ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላመንን ይኸው አቅርበነዋል። ነገሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ የሚያልቀው ግን በአንዲት ልጅ ነው።

እኛ አምስት ነን። የአንድ መኝታ ክፍል ልጆች ስንሆን ሁላችንም እንግሊዝኛ ለማስተማር እንሠለጥናለን። ለልምምድ የተመደብነው ከከተማ ወጣ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስድስተኛ ክፍል ነበር። ስም መጥሪያው ላይ 87 ተማሪ ተመዝግቧል። ዴስኩ ለሃምሳ ልጅ ቢበቃ ነው። የቀሩት በዴስኩ ጫፍ ተንጠልጥለው፣ ጥቂቶቹም መስኮቱ ሥር ድንጋይ አስቀምጠው ይማራሉ። አንዳችን ስናስተምር አራታችን ከኋላ ቆመን ማስታወሻ እንይዛለን። የደረሰን ርዕስ ደግሞ፣ ብዙ ሆኖ ስለሚሄድ ነገርና ስለ ትልልቅ ቁጥሮች የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚል ነበር።

«ይሄማ ቀላል ነው» አልን። ከሱቅ ማኒላ ወረቀት ገዝተን በፓርከር ጻፍን። የበግ መንጋ ፍሎክ፣ የከብት መንጋ ሄርድ፣ የንብና የአንበጣ ስዋርም፣ የአንበሳ ፕራይድ፣ የዝንጀሮ ትሩፕ፣ የዓሣ ስኩል። ልጆቹ እየተከተሉ ጮኹ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ምን አለፋችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ድል በድል ሆነ።

ችግሩ የመጣው ዓሣው ላይ ስንደርስ ነው። «ስኩል» ስንል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ዓሣም ትምህርት ቤት አለው ማለት ነው? የጧት ፈረቃ ነው ወይስ የከሰዓት?» አለ። እኛም አብረን ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም። «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ ዝም ብላችሁ ያዙት» ብለን አለፍን።

ማታ መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ ሁለቱ ቃላት ከነጭራሹ ዝምድና እንደሌላቸው ተረዳን። ተማሪ የሚማርበት «ስኩል» ከግሪክ ተነሥቶ በላቲን በኩል የመጣ ነው፤ በጥንቱ ግሪክኛ ትርጉሙ ዕረፍት፣ ከሥራ ነፃ የሆነ ጊዜ ማለት ነበር። የዓሣው «ስኩል» ግን ከሆላንድ ቋንቋ የገባ ሲሆን ጭፍራ እንደማለት ነው። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ባዕዳን ናቸው ማለት ይቻላል። በማግሥቱ ይህንኑ ለልጁ ስንነግረው፣ «እንግዲያው ትምህርት ቤት ዕረፍት ከሆነ እኛን ለምን ያደክመናል?» ብሎ ድጋሚ አሳቀን።

ከዚያ ምሽት በኋላ ማኒላ ወረቀታችንን በጥርጣሬ ማየት ጀመርን። ለመሆኑ እነዚህ ሁሉ ቃላት ከየት መጡ? እ.ኤ.አ. በ1486 በእንግሊዝ አገር፣ ሴንት ኦልባንስ በተባለች ከተማ የታተመ ስለ አደን የሚናገር መጽሐፍ አለ። በውስጡ እንስሳትና ሰዎች በብዛት ሲገኙ ምን እንደሚባሉ የሚገልጽ ረዥም ዝርዝር ይገኛል። አንበሳ ብዙ ሲሆን «ፕራይድ» መባሉ ከዚያው ዝርዝር ነው፤ ቃሉ በራሱ ኩራት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ማወቅ በዘመኑ የጨዋ ልጅነት ምልክት ነበር። ከቃላቱም ከፊሉ ለጨዋታ የተፈጠረ እንጂ በገበያና በእርሻ ቦታ የተነገረ አልነበረም። እንግዲህ እኛ የእንግሊዝ መኳንንት በአደን የተጫወቱበትን፣ መስኮት ሥር በድንጋይ ላይ ለተቀመጠ ልጅ በግድ ስናስሸመድድ ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ግን ጨዋታ አይደለም። ስዋርም የሚለውን እንውሰድ። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገራችንን ሲወር የውጭ መግለጫዎችን ያነበበ ሰው ሁለት ቃላት አይቷል፤ ባንድና ስዋርም። ባንድ የሚባለው ገና ክንፍ ሳያወጣ በመሬት ላይ እየዘለለ የሚሄደው ብዛት ነው። ስዋርም የሚባለው ክንፍ አውጥቶ የሚበረው ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን ስዋርም ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ቀን የሚበላውም 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ነው። ስለዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የማሳ ልዩነት ነው። አንዱ ሲነገር ገና ጊዜ አለ፤ ሌላው ሲነገር አዝመራው አደጋ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛችን አኮራን። እኛ «መንጋ» የሚለውን ለሁለቱም እንላለን፤ ነገር ግን ፍጥረቱን ራሱን ለይተን እንጠራዋለን። ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ነው፣ ክንፍ ያወጣው አንበጣ ነው። እንግሊዝኛ ልዩነቱን በጭፍራው ስም ላይ ሲያኖር፣ አማርኛ በፍጥረቱ ስም ላይ ያኖረዋል። ይህን ለተማሪ ማሳየት ስድስት ቃል ከማስሸምደድ ይበልጣል።

ሦስተኛው ቀን ላይ የቤት ሥራ ሰጠን። «ብዙ ሰው ወደ ገበያ መጣ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ አልን። አንዱ ተማሪ «ኤ ሄርድ ኦፍ ፒፕል» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግንበት። ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣና፣ «ቲቸር፣ መንጋ ሄርድ ነው ብላችሁን የለም እንዴ?» አለ። ልክ ነው፤ ብለናል። ታዲያ ለምን ስሕተት ሆነ?

ለማስረዳት ወደ አማርኛው ተመለስን። ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን መንጋ፣ ካህኑን እረኛ ስትል በቃሉ ውስጥ ፍቅርና ኃላፊነት አለበት። ሰዎች ተሰብስበው ያለ ሕግ አንዱን ሰው ሲደበድቡ ግን «የመንጋ ፍርድ» እንላለን፤ ያኔ ቃሉ ስድብ ነው። ቃሉ አንድ፣ ፊደሉ አንድ፣ ዓይኑ ግን ሁለት። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። «ኮንግሪጌሽን» የሚሉት የጸሎት ቤት ጉባኤ ሥሩ የላቲን ሲሆን በውስጡ መንጋ የሚለው ቃል ተቀምጧል፤ ማንም ግን አይቆጣበትም። ሰውን «ሄርድ» ማለት ግን ከብት አድርጎ ማየት ነው።

የሰው ብዛት የሚነገርባቸው ሌሎቹ ቃላትም እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው። ክራውድ የመጣው መግፋት፣ መጫን ከሚል የጥንት እንግሊዝኛ ግሥ ነው፤ የገበያ ቀን አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ትርጉሙ አይጠፋውም። ሞብ ደግሞ «ተለዋዋጭ ተራ ሕዝብ» የሚል የላቲን ሐረግ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ ነው፤ ከመወለዱ ጀምሮ ንቀት አለበት። ሆርድ የሚለው ከቱርክ ነገዶች ቋንቋ፣ ሰፈር ወይም የጦር ሰፈር ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ጆሮ ከሩቅ የሚመጣ ወራሪ ሆነ።

አሁን ሦስት መቶ ሰዎች በአንድ ሜዳ ላይ ቆመዋል እንበል። ለባለ ሱቁ ክራውድ ናቸው። ለፈራቸው ሰው ሞብ ናቸው። ለሚሰብክላቸው ኮንግሪጌሽን፣ ለሚዘፍንላቸው ኦዲየንስ ናቸው። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ቃላት እንዳሉ ያስተዋልነው በዚህ ጊዜ ነው፤ የሚቆጥሩ ቃላትና የሚመለከቱ ቃላት። የሚመለከቱት ስለ ሰዎቹ ከሚነግሩን ይልቅ ስለ ተናጋሪው የሚነግሩን ይበዛል።

የሚቆጥሩትስ? እነዚህ ሐቀኞች ናቸው ብለን ነበር። ደርዘን ሲባል አሥራ ሁለት ነው፤ ብርጭቆና ደብተር ስንገዛ እናውቀዋለን። አሥራ ሁለት ደርዘን ደግሞ ግሮስ ይባላል፣ 144 ማለት ነው። ስኮር ሃያ ነው። ቃሉ የመጣው ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ ሲሆን ምልክት ወይም ጭረት ማለት ነው፤ ሃያ በተቆጠረ ቁጥር በእንጨት ላይ አንድ ጊዜ ይቆረጥ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1863 በጌቲስበርግ ንግግሩን ሲከፍት፣ አገሩ ነፃነቷን ካወጀችበት ከ1776 ወዲህ ያለውን ዘመን የቆጠረው በዚሁ በስኮር ነው። አራት ጊዜ ሃያ ከሰባት፤ 87። የክፍላችን ልጆች ቁጥር መሆኑን ስንነግራቸው በደስታ አጨበጨቡ።

«ሚሪያድ» የሚባልም አለ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ስፍር ቁጥር የሌለው ለማለት ይነገራል። በግሪክ ሥሩ ግን በትክክል አሥር ሺህ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግእዙ ፼ እልፍ ነው፤ እልፍም አሥር ሺህ ነው። ዛሬ «እልፍ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ስንል ማንም አሥር ሺህ አይቆጥርም። ሁለት ሩቅ ሕዝቦች፣ አሥር ሺህ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አጥፈው «በቃ፣ ብዙ ነው» ያሉ ይመስላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጣሊያኖች «ሺህ» የሚለውን ቃላቸውን አገዘፉትና «ትልቁ ሺህ» አሉ፤ ሚሊዮን ማለት እርሱ ነው።

ልጆቹ ደጋግመው የሚሳሳቱበትን አንድ የሰዋስው ነጥብ ሳናነሣ አንለፍ። በአማርኛ «አምስት ልጅ»፣ «መቶ ሰው» ብንል ያስኬዳል፤ ቁጥሩ ከተነገረ ስሙን ማብዛት ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ስሙ መብዛት አለበት፤ ቁጥሩ ግን ከፊቱ ሌላ ቁጥር ካለ አይበዛም። «ቱ ሃንድረድ ስቱደንትስ» እንጂ «ቱ ሃንድረድስ» አይባልም። «ሃንድረድስ ኦፍ» የሚባለው ሳንቆጥር በግምት ስንናገር ነው። ስለዚህ ያቺ የመጨረሻዋ «ስ» ትንሽ ብትመስልም፣ የቆጠረውን ሰው ከገመተው ትለያለች። በዚህ ነጥብ ላይ ጥሩ አድርገን አስተማርን ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንግባ።

በአምስተኛው ቀን የትልልቅ ቁጥሮች ተራ ደረሰ። ተረኛው ከመካከላችን በጣም የሚዘጋጀው ነው። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በእንግሊዝ አገር የታተመ ጠንካራ ሽፋን ያለው አሮጌ መጽሐፍ ተውሶ ሌሊቱን ሲያጠና አደረ። ክፍል ገብቶም በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፈ፤ «ቢሊዮን ማለት ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። አሥራ ሁለት ዜሮ አለው።» ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ሲደረድር ልጆቹ በዜማ ቆጠሩለት።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ተነሣች። «ቲቸር፣ ዘጠኝ ነው» አለች።

«መጽሐፉ አሥራ ሁለት ነው የሚለው።»

«ወንድሜ ደብተር ላይ ግን...»

«ቁጭ በይ!»

«ቲቸር፣ ዘጠኝ...»

«ቁጭ በይ አልኩሽ!»

ተቀመጠች። ክፍሉ ሳቀባት። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ እስኪያልቅ እጇን አላወጣችም። እኛ አራታችን ከኋላ ቆመን ምን ጻፍን መሰላችሁ? «የክፍል ሥርዓት ቁጥጥር፦ በጣም ጥሩ።» ማስታወሻ ደብተራችን እስከ ዛሬ አለ፤ ልንክደው አንችልም።

ማታ ከመካከላችን አንዱ፣ «ልጅቷ ግን በእርግጠኝነት ነበር የተናገረችው» አለ። አዲስ መዝገበ ቃላት ገለጥን። ዘጠኝ ዜሮ! አሮጌውን ገለጥን። አሥራ ሁለት ዜሮ! ሁለቱም እንግሊዝኛ፣ ሁለቱም መጽሐፍ። ነገሩን ስንከታተለው እንዲህ ሆኖ አገኘነው። ቢሊዮን የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1484 የጻፈው ኒኮላ ሹኬ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው፣ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ለማለት ነበር የተጠቀመበት። እንግሊዞች ይህንን ሲከተሉ ኖሩ። አሜሪካኖች ግን ሺህ ጊዜ ሚሊዮንን ቢሊዮን አሉት። ሁለቱ አገሮች በአንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንዱ ቢሊዮን ከሌላው ቢሊዮን በሺህ እጥፍ ይለያይ ነበር። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1974 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን የእንግሊዝ መንግሥት ከእንግዲህ ቢሊዮን ሲል ሺህ ሚሊዮን ማለቱ መሆኑን ለፓርላማ አስታወቀ። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ጣሊያን ግን ዛሬም ዘጠኙን ዜሮ በየቋንቋቸው ሚሊያርድ ነው የሚሉት፤ ቢሊዮናቸው አሥራ ሁለት ዜሮ አለው። የተዋስነው መጽሐፍ ከ1974 በፊት የታተመ ነበር። መጽሐፉ በዘመኑ አልዋሸም፤ እኛ ግን የታተመበትን ዓመት አላየንም።

«ሦስት ዜሮ ምን ያመጣል?» የሚል ቢኖር እስቲ በሰከንድ እንቁጠረው። ሚሊዮን ሰከንድ 11 ቀን ተኩል ገደማ ነው። የልጅቷ ቢሊዮን ሰከንድ 31 ዓመት ከመንፈቅ በላይ ነው፤ አንድ ሰው ተወልዶ፣ ተምሮ፣ መምህር ሆኖ፣ ልጅ የሚያሳድግበት ዕድሜ። በሰሌዳው ላይ የጻፍነው ቢሊዮን ሰከንድ ግን ከ31 ሺህ ዓመት ይበልጣል። ወይም በገንዘብ እናስበው። የ2018 ዓ.ም. የአገራችን የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። በአሮጌው መጽሐፍ አቆጣጠር ይህ ትሪሊዮን ሳይሆን 1.93 ቢሊዮን ይሆናል። እኛ እንዳስተማርነው የተማረ ልጅ ነገ ጋዜጣ ቢያነብ ምን ሊረዳ ነው?

በዚያ ሌሊት በመኝታ ክፍላችን ከባድ ክርክር ተነሣ። ከፊላችን፣ «ልምምዱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ መምህር ተሳሳትኩ ካለ ክፍሉ ይረበሻል፤ በሚቀጥለው ትምህርት ዘጠኝ ብለን ዝም ብለን እንለፍ» አለ። ከፊላችን፣ «ልጅቷስ?» አለ። ጧት ተቆጣጣሪ መምህራችንን አማከርን። የጡረታ ጊዜያቸው የተቃረበ አዛውንት ናቸው። ሳቅ ብለው፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ስንት ጊዜ እንደተሳሳትኩ አልቆጠርኩም። የታረምኩበትን ግን ልጆቹ ሲቆጥሩልኝ ኖረዋል» አሉን። ሌላ አልጨመሩም።

ክፍል ገባን። ጥፋቱን የፈጸመው ጓደኛችን ፊቱ ዓመድ መስሎ ፊት ለፊት ቆመ፤ ልጅቷን በዓይኑ ፈለገ። ቀይ ሹራብ የለበሱ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ማናቸውም እሷ አልነበሩም። የክፍል አለቃውን፣ «ያቺ ስለ ቢሊዮን የተናገረችው ልጅ የት አለች?» አለው። «ማን ቲቸር? ስሟን ንገሩኝ» አለ ልጁ።

ስሟን አናውቅም ነበር።

ለአምስት ቀን ስናስተምር የማንንም ስም አልያዝንም። ስም የምንጠራው በቁጥር ነበር፤ ጊዜ ለመቆጠብ። «አንድ!» «አቤት!» «ሁለት!» «አቤት!» 87 ድረስ። አለቃው ቆይቶ ሲገባው፣ «እ፣ ስልሳ አንድ ቁጥር ናት። ዛሬ ገበያ ሄዳለች፤ ቅዳሜና ረቡዕ እናቷን ታግዛለች» አለ። ለካስ ማኒላ ወረቀቱ ላይ ስለ ብዛት የሚናገረውን ቃል ሁሉ ስንጽፍ፣ እነዚህን ልጆች በአንድ ቃል ጠቅልለናቸው ኖሯል፤ «ክላሱ» ብለን። ክላሱ ጮኸ፣ ክላሱ ሳቀ፣ ክላሱ ገብቶታል። ሰውን ከብት ማለት ነውር ነው ብለን በቀይ እስክሪብቶ ያረምን እኛ፣ ሰውን ስልሳ አንድ ብለን ስንጠራ ነውሩ አልታየንም። የሚቆጥሩ ቃላት ሐቀኞች ናቸው ያልነው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ቁጥርም ሲመቸን መጋረጃ ይሆናል።

በማግሥቱ መጣች። ጓደኛችን ስሟን ጠርቶ አስነሣት። ስሟን እዚህ አንጽፈውም፤ እኛ ግን ይዘነዋል። «ባለፈው ዘጠኝ ነው ብለሽ ነበር። ልክ ነሽ። እኔ የያዝኩት መጽሐፍ የድሮ ነው። ቁጭ በይ ማለት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። ክፍሉ ጸጥ አለ። የፈራነው ረብሻ አልመጣም። እሷም አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለችና ልትቀመጥ ስትል ቀና ብላ፣ «ቲቸር፣ መጽሐፉ የድሮ ከሆነ ለምን ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ?» አለች።

ይህች ጥያቄ ከዘጠኙ ዜሮ ትከብዳለች። በክፍሉ ፊት የሰጣት መልስ እውነተኛው ነበር፤ በርዕሱ ላይ ያለው መጽሐፍ እርሱ ብቻ ስለሆነ። ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋር ተነጋግረን ትንሽ ወረቀት ቆርጠን ገጹ ላይ ለጠፍን። «ይህ የድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ ቢሊዮን ዘጠኝ ዜሮ አለው» ይላል። ጽሑፉን የጻፈችው እሷ ናት፤ የእጅ ጽሕፈቷ ከሁላችንም ይሻላል።

በቀረን አንድ ሳምንት ተማሪዎቹን በስም ጠራን። እውነቱን ለመናገር ጊዜ ይፈጃል። ከአርባው ደቂቃ ሰባት ስምንቱ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜም ዕቅዳችንን ሳንጨርስ ደወል ተደውሎብናል። ለዚህ መፍትሔ አግኝተናል አንልም። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአገራችን ሰው ከ73 ሚሊዮን በላይ መሆኑ የታወቀው፣ ቆጣሪዎች ቤት ለቤት ዞረው «እዚህ ቤት ማን ማን አለ?» ብለው ጠይቀው እንደ ነበር ስናስብ፣ 87 ስም መጥራት እንዴት ይከብደናል?

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ወር ለልምምድ የምትወጡ ሁሉ፣ ከእኛ ጥፋት ሦስት ነገር ውሰዱ። አንደኛ፣ ስለ ብዛት የሚናገር ቃል ስታስተምሩ ቆጣሪ ነው ወይስ ተመልካች ብላችሁ ለዩ፤ ተመልካች ከሆነ በማን ዓይን እንደሆነ ለልጆቹ ንገሩ። ሁለተኛ፣ መጽሐፍ ስትዋሱ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ። ሦስተኛ፣ «ቁጭ በይ» ከማለታችሁ በፊት ስሟን እንደምታውቁ ራሳችሁን ጠይቁ።

በየአገራችሁ ብዛት የሚነገርባቸውን ቃላት ብታመጡልን ደግሞ ደስታችን ነው። ነዶና ክምሩን፣ ጥማዱን፣ እስሩን፣ ዘለላውን፣ እፍኙን፤ ደቦና ወንፈሉን። በወረቀት ጽፋችሁ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ክተቱ። ለሚቀጥለው እትም አሰባስበን ከእንግሊዝኛው ጎን እናወጣቸዋለን። ስማችሁን መጻፍ አትርሱ፤ ቁጥራችሁን አይደለም።

ቸር ይግጠመን።

ከመኝታ ክፍል ቁጥር 9 የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሠልጣኞች